«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት፦ የዊንዶውስ ጭነት፣ የድራይቨርና የአፕዴት ችግርን በራስ መፍታት

ኮምፒውተር ሲያስቸግር በየሱቁ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ፣ ከስታዲየም ዙሪያ እስከ አራት ኪሎ፣ ላፕቶፑ ገና ሳይከፈት ነው የሚነገራችሁ። ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ባዶ አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አብዛኛው የዊንዶውስ ችግር ግን እዚያ ሳይደርስ ይፈታል። ፎርማት ፋይል ይበላል፣ ጊዜ ይበላል፣ ዳታ ይበላል። የዓመታት የሒሳብ መዝገቡ በአንድ ከሰዓት በኋላ ድራሹ የጠፋበት ሰው ያየ፣ ነገሩን በቀላሉ አይወስደውም። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሞክሩ። ፎርማት መጨረሻ ላይ ይምጣ።

መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ዊንዶውሱ የሚነሳ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የማይነሳ ከሆነም አትደንግጡ። ፍላሽ ላይ በተጫነ ኡቡንቱ (ከዊንዶውስ ሌላ የሆነ ነፃ ሲስተም) ማሽኑን አስነስቶ ፋይል ማውጣት ይቻላል። ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘትም ሌላው መንገድ ነው።

ዴስክቶፕንና ዶክመንትስን ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሳው ሌላው ነው። በቴሌግራም ያወረዳችሁት ነገር ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የልጅ ክርስትና ፎቶ እዚያ ተከማችቶ ይገኛል። በፒችትሪ የምትሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎች ደግሞ ልብ በሉ። የድርጅቱ ዳታ ብዙ ጊዜ ያለው ሲ ድራይቭ ላይ ፕሮግራሙ በፈጠረው ፎልደር ውስጥ እንጂ ዶክመንትስ ውስጥ አይደለም። ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ከፋይል ሜኑ ባክአፕ የሚለውን ተጠቀሙ። የወጣውን ፋይል ፍላሽ ላይ አስቀምጡና ሌላ ማሽን ላይ መከፈቱን አረጋግጡ።

ፎንትም አለ። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ነው የሚከፈተው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ክፈቱና የግዕዝ ፎንቶቹን ከሰነዶቹ ጋር ገልብጡ።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዊንዶውስ 11 ሳይጠይቃችሁ ዲስኩን ሊቆልፍ ይችላል። ከዚያ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ አንድ ነገር ሲቀየር 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌላችሁ ፋይሉ አይወጣም፤ ማንም ባለሙያ አያወጣውም። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን ብላችሁ እዩ። በርቶ ከሆነ ቁጥሩን ከአካውንታችሁ ገጽ ላይ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ቀኑን ተመልከቱ

ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ እኛ አገር ግን ብዙ ሰው የሚያለፋው እሱ ነው። አፕዴት እምቢ ይላል። ድረ ገጽ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» እያለ ይዘጋል። አካውንት አልገባም ይላል። የስህተት ቁጥሩ መጨረሻ 2ኤፍ8ኤፍ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ቀኑን ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጋር ሲገናኝ ሰርቨሩ ዲጂታል የምስክር ወረቀት ያሳያል። ወረቀቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የእናንተ ማሽን ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ ወረቀቱን አያምነውም፤ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ቀን የሚዛባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሰዓት ባትሪ ሲያልቅ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች። እሷ ከሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ዴስክቶፑ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል። በየጠዋቱ ቀን የምታስተካክሉ ከሆነ በሽታው ይኸው ነው። ባትሪዋ ርካሽ ናት፤ ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ በራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ሁለተኛው መንገድ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መሙላት ነው። 2018 ብላችሁ ስትሞሉ ኮምፒውተሩ የሚገባው የፈረንጆቹ 2018 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉት። የሰዓት ክልሉን ስትመርጡ አዲስ አበባን ዝርዝሩ ውስጥ አታገኟትም፤ «ዩቲሲ +03:00 ናይሮቢ» የሚለውን ምረጡ። ያው የእኛ ሰዓት ነው።

አፕዴት ሲያስቸግር

ቀኑ ትክክል ከሆነ ቀጥሎ ቦታ እዩ። 0ኤክስ80070070 የሚል ቁጥር ከመጣ ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ገብታችሁ አጽዱ። እዚያ ዳውንሎድስ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳይኖር ተጠንቀቁ። ያለዚያ የቴሌግራም ፎልደራችሁ አብሮ ይጠረጋል።

ቦታም ቀንም ደህና ሆኖ መቶኛው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ እንዲህ አድርጉ፦

1. ማሽኑን በሪስታርት አንዴ አጥፍታችሁ አስነሱ። ሻትዳውን አይበቃም፤ ዊንዶውስ ሻትዳውን ሲባል ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል።
2. ሲስተም ውስጥ ትራብልሹት፣ ከዚያ አዘር ትራብልሹተርስ ገብታችሁ የዊንዶውስ አፕዴትን አስኪዱ።
3. ካልሆነ መፈለጊያው ላይ ሰርቪስስ ብላችሁ ክፈቱ። ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ፈልጉና ስቶፕ በሉት። ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን፣ ዳውንሎድ ውስጥ ገብታችሁ ያለውን ሁሉ አጥፉ። የወረደው ግማሽ ፋይል ነው የተበላሸው፤ ሲጠፋ እንደ አዲስ ያወርዳል።
4. አሁንም እምቢ ካለ ዊንዶውስ 11 ላይ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ችግሩን በዊንዶውስ አፕዴት አስተካክል የሚል ምርጫ አለ። ሪኢንስቶል ናው የሚለውን ስትነኩ ፋይላችሁም ፕሮግራማችሁም ሳይነካ ሲስተሙን መልሶ ይጭናል። የሚወርደው ግን ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትጀምሩት።

ዳታን ካነሳን አይቀር፣ ከስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ያንን ግንኙነት ሚተርድ (ዳታው የሚቆጠር) አድርጉት። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ውስጥ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ስትከፍቱ ታገኙታላችሁ። ዊንዶውስ ከዚያ በኋላ ትልልቅ አፕዴቶችን በራሱ አያወርድም፤ ጥቅላችሁ ሳታውቁት አያልቅም። የሌሊት ጥቅል ስትገዙ ወይም ቢሮ ስትሆኑ በእጃችሁ አስጀምሩት። ቢሮ ወይም ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ብዙ ማሽን ላላችሁ ደግሞ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚለውን አብሩና በአንድ ኔትወርክ ላሉ ኮምፒውተሮች ብቻ አድርጉት። አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይቀበላሉ። ለዚህች ከተማ ኔት ይህን የመሰለ ነገር የለም።

አፕዴቱ እየተጫነ መብራት ቢሄድስ? ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ከግማሽ በላይ ሳይሞላ አትጀምሩ። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ ሰፈራችሁ መብራት የሚያስቸግርበትን ሰዓት እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እሱን አልፋችሁ ጀምሩ። የአፕዴቱ ገጽ ላይ «አታጥፉ» ካለ ቢዘገይም ታገሱ። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል።

አፕዴት ከገባ በኋላ ዊንዶውሱ አልነሳ ካለስ? እየተነሳ ሳለ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ በመያዝ አጥፉት። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግሙ ራሱ የጥገና ገጽ ያመጣል። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ አንኢንስቶል አፕዴትስ ብላችሁ የመጨረሻውን አውጡ። ትልቁን ዓመታዊ አፕዴት ከጫናችሁ ደግሞ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ የሚል አለ። የሚሠራው ለ10 ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ካልተስማማችሁ አትቆዩ።

ድራይቨር

ድራይቨር ዊንዶውስን ከማሽኑ አካላት ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ ተጭኖ ዋይፋይ ጠፋ እንበል። ዋይፋይ ከሌለ ድራይቨር አይወርድም፤ ድራይቨር ከሌለ ዋይፋይ የለም። ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሱቅ ይሮጣል። መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ የስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሩ። ኮምፒውተሩ ያለ ምንም ድራይቨር ኢንተርኔት ያገኛል። ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ የሚሄደው በዚያ ዋይፋይ ነው፤ የሞባይል ዳታ አይነካም። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ግን አይሠራም፤ ዳታ የሚያሳልፍ ገመድ ፈልጉ።

ኢንተርኔት ሲገኝ መጀመሪያ ዊንዶውስ አፕዴትን አስኪዱ። አብዛኛውን ድራይቨር እሱ ያመጣል። አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ኦፕሽናል አፕዴትስ የሚለውንም መክፈት አትርሱ፤ የቀሩት ብዙ ጊዜ እዚያ ይጠብቃሉ።

አሁንም የጎደለ ካለ ስታርት ቁልፉን በቀኝ ተጭናችሁ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበትን ፈልጉ። «አንኖውን ዲቫይስ» ቢል እንኳ ማንነቱ ይታወቃል። ሁለቴ ተጫኑት፣ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲስ ምረጡ። ረጅም ጽሑፍ ይመጣል። ቪኢኤን ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች የአምራቹ መለያ ናቸው። 8086 ኢንቴል ነው። 10ኢሲ ሪልቴክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድምፅ፣ የኔትወርክ ገመድ ወይም ዋይፋይ። 10ዲኢ ኤንቪዲያ፣ 1002 ኤኤምዲ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም። ከዚያ ወደ ማሽኑ አምራች ድረ ገጽ ሂዱ። ከተማችን ውስጥ ያገለገለ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ በብዛት አለ። ዴል ከሆነ ከሥሩ የተለጠፈው ሰባት ምልክት ያለው ሰርቪስ ታግ ይበቃል። ሌሎቹ ላይ ሲሪያል ቁጥሩን አስገቡ። ተለጣፊው ከተላጠ ቁጥሩ ባዮስ ውስጥም ተጽፏል።

ስትጭኑ የቺፕሴትን (የማዘርቦርዱን ዋና ቺፕ) ድራይቨር አስቀድሙ። የአንዳንድ ላፕቶፕ ታችፓድ የኢንቴል ሲሪያል አይኦ ድራይቨር እስኪገባ ድረስ ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ታችፓዱ ተቃጠለ ተብላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማውዝ ሰክታችሁ እሱን ጫኑ።

«ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እናገኝላችኋለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ራቁ። ብዙዎቹ ማስታወቂያና የማትፈልጉት ሶፍትዌር ይዘው ይገባሉ፤ የማይመለከታችሁን ድራይቨርም ይጭናሉ። በደህና ሲሠራ የነበረ ነገር አዲስ ድራይቨር ከገባ በኋላ ከተበላሸ ደግሞ እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ድራይቨር የሚለው ገጽ ላይ ሮል ባክ በሉት።

እንደገና መጫን የግድ ከሆነ

ከመጫናችሁ በፊት ዲስኩን መርምሩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ያሳያል። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ችግሩ ዊንዶውሱ አይደለም። የሚሞት ዲስክ ላይ ዊንዶውስ መጫን ልፋት ነው። ፋይሉን አውጥታችሁ ዲስኩን ወደ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ቀይሩ። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር አላውቅም።

ከዚያ የትኛውን ዊንዶውስ? የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 መሆኑ ነው። አፕዴት ገጻችሁ ላይ የተራዘመ የደህንነት ድጋፍ መመዝገቢያ ከታያችሁ ለተወሰነ ጊዜ ያቆያችኋል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ)፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክል)፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክ ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። «ቲፒኤም የለም» ከተባላችሁ ባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ፈልጉትና አብሩት።

መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አዘጋጁ። ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ያስፈልጋል። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ገበያ ላይ 64 ተብለው ውስጣቸው ግን ከዚያ በታች የሆኑ ፍላሾች አሉ። ጭነቱ መሀል ላይ «ፋይል ጎደለ» እያለ የሚቆም ከሆነ በሌላ ፍላሽ ሞክሩ። የተቀነሰ፣ የፈጠነ እየተባለ የሚታደለውን ዊንዶውስ አትጫኑ። ብዙ ጊዜ አፕዴቱም መከላከያውም ተቆርጦ የወጣ ነው። ክራክ ማድረጊያም እንዲሁ፤ አንቲቫይረስ አጥፉ ብሎ የሚጀምር ፕሮግራም ማሽናችሁን ለማን እንደሚከፍት አታውቁም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከፋብሪካ የወጡ ላፕቶፖች ቁልፉን ባዮስ ውስጥ ይዘውት ይመጣሉ። «ቁልፍ የለኝም» ብላችሁ ያንኑ ዓይነት፣ ሆምን በሆም፣ ፕሮን በፕሮ፣ ከጫናችሁ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

ዊንዶውሱ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ ፍላሹን እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ከፍታችሁ ሴትአፕን አስኪዱ። ፋይልና ፕሮግራም አቆይ የሚለውን ምረጡ። ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ ይኼ ነው፤ የፎርማትን ጥቅም ያለ ጉዳቱ ይሰጣል። ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለ ቋንቋው አልገጠመም ማለት ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ እንግሊዝኛና ኢንተርናሽናል እንግሊዝኛ ለዊንዶውስ የተለያዩ ናቸው። ፍላሹን በትክክለኛው ቋንቋ ደግማችሁ ሥሩ።

ከፍላሽ ማስነሳት ካስፈለገ ዴልና ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዝርዝሩ ላይ ፍላሹ ሁለት ጊዜ ከታየ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ መንገድ) የሚለውን ምረጡ። እዚህ ላይ ሁለት ግድግዳ ይገጥማችኋል።

የመጀመሪያው «ዲስኩ ኤምቢአር ነው፣ ጂፒቲ መሆን አለበት» የሚለው ነው። ሁለቱም ዲስክ የሚከፋፈልባቸው ዘዴዎች ናቸው፤ ኤምቢአር የድሮው፣ ጂፒቲ አዲሱ። ፋይላችሁ ወጥቶ ካለቀ የዚያን ዲስክ ፓርቲሽኖች በሙሉ አንድ በአንድ ዲሊት አድርጉና ያልተከፋፈለው ባዶ ቦታ ላይ ኔክስት በሉ፤ ዊንዶውስ ራሱ ያስተካክለዋል። ዲ ድራይቭ ብላችሁ የምታውቁት ክፍል በዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ አብሮ እንደሚጠፋ አስታውሱ። ፋይሉ ካልወጣ እዚህ ላይ ቁሙ፤ አትቀጥሉ።

ሁለተኛው ዲስክ ጨርሶ አለመታየት ነው። ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ ወዲህ ባሉ ላፕቶፖች ላይ ይበዛል። ዲስኩ አልተቃጠለም፤ ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል ዲስክ መቆጣጠሪያ ከፊቱ ቆሟል። የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን ከማሽኑ አምራች ድረ ገጽ አውርዳችሁ ፍላሹ ላይ ፈትታችሁ አስቀምጡ፤ ሎድ ድራይቨር ብላችሁ አሳዩት። ወይም ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን አጥፉ። ይህን የምታደርጉት አዲስ ስትጭኑ ብቻ ነው። የሚሠራ ዊንዶውስ ላይ ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁት ሰማያዊ ስክሪን ያመጣና አይነሳም።

ሲያልቅ ታይም ኤንድ ላንጉጅ ውስጥ አማርኛን ጨምሩ። ኪቦርዱ አብሮ ይመጣል፤ በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ እየቀያየራችሁ ትጽፋላችሁ።

ሱቅ ከወሰዳችሁት

ባለሙያ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ማሽኑ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ፣ ዲስኩ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ፣ ባዮሱ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነ ውሰዱት። የስህተቱን ገጽ በስልካችሁ አንስታችሁ ያዙ፤ «አይሠራም» ከማለት ቁጥሩን ማሳየት ሥራውን በግማሽ ይቀንሳል። ፋይላችሁ ወጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ በግልጽ ተናገሩ። «ያለ እኔ ፈቃድ ፎርማት እንዳይደረግ» በሉ፤ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። ዲስክ ከተቀየረ አሮጌውን ተቀበሉ፤ ፋይላችሁ እሱ ላይ ነው።

ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ዋይፋይ አገናኙ፣ ካሜራ ክፈቱ፣ ድምፅ አሰሙ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት አለመኖሩን እዩ፣ አንዴ ሪስታርት አድርጉ። ሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቱና ምን እንደሚል አንብቡ፤ ከዚያ ቻርጀሩን ቆጥራችሁ ተቀበሉ።